ልጄ የየት ነዋሪ ነው

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ሐይቁ ዛሬ ከበረዶው ተላቀቀ። ጎረቤቴ ጋስ ማኪ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «መምህር፣ ዘንድሮም በላሁህ» አለኝ። በረዶው የሚለቅበትን ቀን በየዓመቱ እንወራረዳለን፤ የተረታው የዓሣ ማጥመጃው ወራት በሚከፈትበት ቀን የተያዘውን ሁሉ ያጸዳል። እኔ እስከ ዛሬ ያጸዳሁት ዓሣ ለአንድ ሠርግ ይበቃል።

ማምሻውን አንደርስ ከቴክሳስ ደወለ። «አባዬ፣ ተሸነፍን። ለመክፈቻው እንመጣለን።» የልጄ ቡድን በመጀመሪያው ዙር ከውድድር መውጣቱ ሊያሳዝነኝ በተገባ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፤ አንሶላውንም ቀየርሁ።

አንደርስ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው። ዐሥር ዓመት ለራሳችን ለሚኔሶታ ቡድን ተጫውቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ቴክሳስ ሄደ። ያን ጊዜ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስረዳኝን አልረሳውም። ቴክሳሶች ያቀረቡለት ደመወዝ ከእኛዎቹ ያነሰ ነበረ፤ እጁ ላይ የሚቀረው ግን ይበልጥ ነበር። የቴክሳስ ግዛት ከሰው ደመወዝ ላይ ግብር አይቆርጥም፤ ሚኔሶታ ግን እንደ እርሱ ካለ ከፍተኛ ተከፋይ ከዐሥር እጅ አንዱን፣ ጥቂት ሲቀረው፣ ትወስዳለች። «ትንሹ ይበልጣል፣ አባዬ» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ተማሪ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቢያመጣልኝ በቀይ አሰምርበት ነበር። ሒሳቡ ግን ትክክል ነበረ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

መጡ። ክሪስተን፣ ምራቴ፣ በመንገድ ደክማለች። ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ብሪታ የፊት ጥርስ አውልቃለች። ያረጀችውን ውሻቸውን ቱቫን ጎረቤት ዘንድ ትተዋት መጥተዋል፤ መንገዱን አትችለውም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ከአንደርስ ጋር ወደ ባለሱቋ ወደ ዶት ሄድን። በመክፈቻው ዋዜማ መላው ከተማ እዚያ ነው፤ ትል የሚገዛ፣ መንጠቆ የሚመርጥ፣ የማጥመጃ ፈቃድ የሚያወጣ። ዶት አንደርስን ስታይ ከመደርደሪያው ማዶ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ቆነጠጠችው።

«አንተ ከሐዲ፣ ቴክሳስ ዓሣ የለም እንዴ?»

«አለ፣ ዶት። ግን ተቀቅሎ ነው የሚወጣው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶት ጣቷን ፈቃዱን በሚያትመው ማሽን ላይ እንዳደረገች፣ «ፈቃዱ እንደ ሁልጊዜው ነው አይደል?» አለችው። እርሱ ብሪታን በአንድ እጁ ታቅፎ በሌላው ኪሱን ሲፈትሽ ነበረ። «እንደ ሁልጊዜው» አለ።

ወረቀቱ ወጣ። እኔ አጠገቡ ስለ ነበርሁ አነበብሁት፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ማንበብ ልማዴ ነው። የሚኔሶታ ነዋሪ ይላል። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው እጥፍ ነው የሚከፍለው። ወረፋው ረጅም ነበረ፤ ከኋላችን ሰዎች ቆመው ነበር። ትንሽ ነገር ነው።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ነፋስ። ውኃው እንደ ቢላ ይቀዘቅዛል። አንደርስ ትልቁን ያዘ። ዓሣውን ሁሉ እኔ አጸዳሁ፤ ጋስ ወንበር አምጥቶ ቁጭ ብሎ አየኝ። መልካም ቀን ነበረ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ከሄዱ ሰነበቱ። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ጋስ ዛሬ ነገር ፈለገኝ። «አንደርስ ስኬቲንግ የተማረበትን ሜዳ መብራት ማን ከፈለ? እኔ! እኔና አንተ በግብራችን! አሁን ሚሊዮኑን ይዞ በፀሐይ ይጠበሳል።»

«ለዚህች ከተማ ዐሥር ዓመት የከፈለውን ብትደምረው፣ ያንን ሜዳ መብራት ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ይገዛለት ነበር» አልሁት።

«እሺ፣ አትቆጣ። እኔም ደመወዙን ቢሰጡኝ በእግሬ ነበር ቴክሳስ የምገባው።»

ጋስን የመለስሁበት ክርክር ትክክል ነው። ሆኖም የእኔን ደመወዝ፣ አሁንም የምበላውን ጡረታ የሚከፍለው ያው ግብር መሆኑን እርሱ አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁለትም።

ስለዚያ ፈቃድ አንድ ነገር ልጻፍ። መጠየቅ የነበረባት ዶት ናት። ሥራዋ ነው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

አንደርስ ደወለ። የሚኔሶታ ግብር መሥሪያ ቤት ያለፈውን ዓመት ነዋሪነቱን መመርመር ጀምሯል። ጥያቄው አንድ ነው፤ በእርግጥ ለቅቆ ሄዷል ወይስ ቤቱ አሁንም እዚህ ነው? ቤቱ እዚህ ነው ከተባለ፣ በዓለም ላይ የትም ያገኘው ደመወዝ ሁሉ እንደ ሚኔሶታ ሰው ይታሰባል፤ የዓመቱን ዐሥረኛ እጅና ቅጣት ይከፍላል። ቀጥሎ ያለውም ዓመት ይከተላል። ውሉ ደግሞ የቀረው አንድ ዓመት ነው፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀድዷል።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ውል የሚሰጠኝ የለም፣ አባዬ። ይቺን ነው ይዤ የምወጣው።»

«ለቅቀህ ሄደሃል። ምን የሚያጠራጥር አለ?» አልሁት።

«እሱን ነው የሚጠይቁት።»

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

የአንደርስ የግብር አማካሪ አቶ ፔል ከሚኒያፖሊስ ደወለልኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ግን ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አይጨርስም።

«አቶ ኒጋርድ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያዩት... እንዴት ልበልዎት፣ ሐኪሙ የት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው፣ የት ይመርጣል፣ ለልቡ ቅርብ የሆነ ዕቃ የት አስቀምጧል... እስከ መኝታ አሻንጉሊት ድረስ ይጠይቃሉ።»

«ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ለምሳሌ ነው። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። በዚህ ግንቦት የዓሣ ፈቃድ አውጥቷል። በነዋሪ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«ለማዳን የሞከረው ሃያ ምናምን ዶላር ነው እኮ! ሊያስከፍለው የሚችለው... ለመሆኑ ሲገዛ ማንም አላየውም?»

ሱቁ በሰው ተሞልቶ እንደ ነበር ነገርሁት። እውነት ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዝናብ። ሣር አላጨድሁም። ሱቁ ተሞልቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ስለ ልጄ ሥራ በሚገባ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰሞኑን ፔል የላከልኝን ሁሉ አነበብሁ። (በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ይጎድላል።)

አንድ ተጫዋች ቤቱ የትም ይሁን የት፣ በሄደበት ሁሉ ግብር ይከተለዋል። አንድ ምሽት ካሊፎርኒያ ቢጫወት ካሊፎርኒያ የዚያን ምሽት ድርሻ ትወስዳለች፤ ኒው ዮርክም እንዲሁ። የተጫወተበት ቀን ብቻ አይደለም፤ የተለማመደበት፣ በሆቴል ተቀምጦ የአሠልጣኙን ንግግር የሰማበትም ቀን እንደ ሥራ ይቆጠራል። ልጄ በየዓመቱ ከደርዘን ለሚበልጡ ግዛቶች ገቢውን ያስታውቃል። ለሚኔሶታም በእንግድነት መጥቶ የተጫወተባቸውን ቀናት ድርሻ ይከፍላል። በእንግድነት የሚለው የፔል ቃል ነው።

እኔ ከድንበራችን ከተማ ከዱሉት ድልድዩን ተሻግሬ በጎረቤታችን ግዛት በዊስኮንሲን በበጋ ዕረፍቴ አስተምሬ አውቃለሁ። ዊስኮንሲን መኖሬንም አላወቀችም። የመምህርን ኪስ ድልድይ ተሻግሮ የሚከተል የለም፤ የጨዋታው መርሐ ግብር ግን በየጋዜጣው ይወጣል፤ ደመወዙንም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ሰው በቀላሉ የሚታይበት ሥራ ነው።

ፍትሕ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አዳራሹን የሠራችው፣ መንገዱን የጠረገችው ከተማ ድርሻዋን ብትጠይቅ አይከፋኝም። በሌላ በኩል፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ዕድሜ እርሱ በዐሥራ አምስት ዓመት መጨረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የማይታጠፍ ጉልበት ነው። ትንሹ የሚበልጥበትን ቦታ መርጦ መሄዱን እንደ ስስት ቆጥሬበት ነበር። ለጋስ አልነገርሁትም፤ ለአንደርስ ግን በአንድ የገና ምሽት ነግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ክሪስተን ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሳህኖቹ ንጹሕ ነበሩ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ፔል እንደገና። አንደርስ በዚህ በጋ ወደዚህ ባይመጣ ይመረጣል። የላይኛው ክፍልም ይጸዳ ይላል፤ የልጅነት ስኬቲንግ ጫማዎቹ፣ ሜዳሊያዎቹ፣ በእጁ የተሠራው የመርከብ ሞዴል።

«ክፍሉን ማንም አይጠቀምበትም» አልሁት።

«ለዚያ ነው እኮ አቶ ኒጋርድ። የእሱ ክፍል ይመስላል።»

የእርሱ ክፍል ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ጋስ ካርቶን አመጣልኝ። ጫማዎቹን በጋዜጣ ጠቀለልሁ። ጋስ የመርከቡን ሞዴል አንሥቶ፣ «ይሄ ነገር ውኃ ላይ ቆሞ ያውቃል?» አለ።

«አንድ ጊዜም።»

«እና ለምንድን ነው ሃያ ዓመት ያስቀመጥከው?»

ማጣበቂያ ቴፑን እንዲያቀብለኝ ጠየቅሁት። በፖስታ አልልከውም፤ ይሰበራል። ራሴ እወስደዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠሩኝ ሙቀቱን ምክንያት አድርጌ አልሄድሁም ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሑድ። ቴክሳስ

ሙቀቱን ስፈራ የኖርሁት በከንቱ አልነበረም። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መኪናው ድረስ ብቻ ሸሚዜ ተጣበቀብኝ። አንደርስ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ፣ «አባዬ፣ አንተ ደግሞ በእጅህ ተሸክመህ?» አለኝ።

ብሪታ ቤቱን አስጎበኘችኝ። በየበሩ እየቆመች ትናገራለች። «ቤታችን ውስጥ ጫማ አይወለቅም። በአያቴ ቤት ነው የሚወለቀው።» በስተ ግራ ያሉት ጎረቤቶች ሳያንኳኩ ይገባሉ። አንዱ፣ ሬይመንድ የሚባል ግዙፍ ሰው፣ የእኛን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ቢራ አወጣና ገና ከዚያ በኋላ ሰላም አለኝ። «አባቱ አንተ ነህ? ልጅህ ሥጋ መጥበስ አይሆንለትም፤ እያስተማርነው ነው።» አንደርስ ሳቀ። ከእኔ ጋር ሲሆን እንዲህ አይስቅም።

የ«እኛ» ማቀዝቀዣ ብዬ ጽፌያለሁ። የእነርሱ ማለት ነበረብኝ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ጠዋት ቱቫን ጠየቅሁ። ከመጣሁ ጀምሮ አላየኋትም፤ ሐኪም ዘንድ ያለች መስሎኝ ነበር። ክሪስተን ቡናዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ አንደርስ ራሱ ሊነግርዎት ይፈልግ ነበር» አለችኝ።

አንደርስ በጓሯቸው ፒካን ከሚሉት ዛፍ ሥር ወስዶ መቃብሯን አሳየኝ። አፈሩ ገና አልሰረገም፤ ድንጋይ ተቀምጦበታል። ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የቤተሰባችን ውሾች ሁሉ ከእኔ ቤት ጀርባ ባለው የበርች ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው፤ አባቴ የቀበረው ሁለት፣ እኔ የቀበርሁት አራት። አንደርስ ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጣ የመጨረሻዋን አብረን ቀብረናል፤ መሬቱ በርዶ ስለ ነበር እሳት አንድደን ነው የቆፈርነው።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«በስልክ አልወጣልኝም። ወደዚያ ላመጣት አስቤ ነበር፤ ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ በዚህ ሙቀት።» ድንጋዩን በእጁ አቃንቶ፣ «ደግሞ ብሪታ እዚህ ትሁን አለች። ማታ ማታ ደኅና እደሪ ትላታለች» አለ።

ስንመለስ ፔል በስልክ ላይ ነበረ፤ ክሪስተን ድምፁን ከፍታው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ስለ ውሻዋ ነግራዋለች መሰለኝ። «ይሄማ ይጠቅመናል!» ይላል። «ውሻ የሚቀበረው ቤት ባሉት ቦታ ነው፤ ይገባቸዋል። ፎቶ አንሡልኝ፣ ቀኑ የሚታይ፣ የሐኪሙንም ደረሰኝ...»

አንደርስ ስልኩን አነሣ። «አቶ ፔል፣ የፈለጉትን ልስጥዎት፤ መንጃ ፈቃድ፣ የምርጫ ካርድ፣ የፈለጉትን። ውሻዬን ግን አልሰጥም።» ዘጋው።

ከዚያ ወጥቶ በሙቀቱ ውስጥ ቆመ። ልከተለው አስቤ ነበር። ሬይመንድ ቀደመኝ፤ በአጥሩ በር ገብቶ አጠገቡ ቆመ። ድንጋዩን ያመጣው እርሱ እንደ ሆነ ክሪስተን ነገረችኝ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ቤት ገባሁ። ጋስ «እንዴት ነው ቴክሳስ?» አለኝ። ይሞቃል አልሁት። የላይኛው ክፍል በሩን ዘጋሁት፤ ባዶ ክፍል ማናፈስ አያስፈልግም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ዛሬ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ወይዘሮ ሃሎራን የተባሉ መርማሪ ደወሉ። መመለስ እንደማልገደድ አስቀድመው ነገሩኝ፤ ንግግራቸው የጠራ ነው፣ ዓረፍተ ነገራቸውን ይጨርሳሉ። ፔል እርሳቸው ከደወሉ ወደ እርሱ እንድመራቸው አስጠንቅቆኝ ነበር። እመልሳለሁ አልሁ።

ልጄ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ጠየቁ፤ ነገርኋቸው። የእርሱ ክፍል እዚህ አለ ወይ አሉ። ነበረ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በአማካሪው ምክር ባዶ አደረግሁት አልሁ። ፔል ይህን ቢሰማ ይታመማል፤ ግን የሆነው እንደዚያ ነው።

«ታዲያ ዕቃዎቹ እስከ ሐምሌ ድረስ እርስዎ ዘንድ ነበሩ?»

«ነበሩ። ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። እርሱ ጠይቋቸው አያውቅም።»

ይህን ስናገር ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«ስለ ዓሣ ፈቃዱ የሚያውቁት አለ?»

«ሲገዛ አጠገቡ ነበርሁ። እርሱ አላነበበውም። እኔ አንብቤዋለሁ። ስሕተት መሆኑንም ያን ጊዜ ዐውቄያለሁ።»

«አውቀው ለምን ዝም አሉ አቶ ኒጋርድ?» አሉኝ።

መለስሁላቸው። መልሴን እዚህ አልጽፈውም። እርሳቸው መጻፋቸውን ግን ሰማሁ፤ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ከዚያም ቆመ።

በመጨረሻ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ልጅዎ ሲደክመው የሚሄድበት ቤት የት ነው ብለው ያምናሉ?»

ይህን ጥያቄ በሚያዝያ ቢጠይቁኝ ኖሮ ሳልሸማቀቅ የምሰጠው መልስ ነበረኝ፤ እውነት መስሎኝም እምልበት ነበር።

«ቴክሳስ» አልሁ። «ጎረቤቶቹ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ልጁ ቤታችን ስትል እዚያ ማለቷ ነው። እዚህ የሚመጣው እኔን ለማየት ነው።»

ስለ ውሻዋ አልተናገርሁም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አንደርስ ማለዳ ደወለ። ፔል ነግሮታል።

«ምን አልካት፣ አባዬ?»

«ቤትህ እዚያ ነው አልኋት።»

ከጀርባው ብሪታ የሆነ ነገር እየዘፈነች ነበር።

«ፔል ደስ ብሎታል። የቤቱ ባለቤት ራሱ ልጄ እዚህ አይኖርም ብሎ መስክሯል፣ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም አለ» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ...» አለ። «እውነት ነው አይደል?»

ጥያቄ ይሁን መልስ መለየት አልቻልሁም። ከዚያ ስለ ጉልበቱ ጠየቅሁት፤ ደኅና ነው አለ፤ ስለ እኔ ጉልበት ጠየቀኝ፤ ደኅና ነው አልሁ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ፔል ጽፎልኛል። መሥሪያ ቤቱ ያለፈውን ዓመት እንደሚተወው በቃል አስታውቋል፤ ደብዳቤው ይከተላል። የዘንድሮውም የሚያሰጋ አይመስለውም። አንደርስ ከልምምድ በፊት ለጥቂት ቀናት ሊመጣ ይችላል ይላል፤ «እንደ ማንኛውም ጎብኚ» ሲል ጨምሯል። በዚህኛው ደብዳቤ አንድም ነጠላ ሰረዝ አልጎደለም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ትናንት ማምሻውን ደረሱ።

በእኛ ቤት ልማድ የቤት ሰው ፎጣውን ራሱ ከቁም ሣጥን ያወጣል፤ ለእንግዳ ግን ታጥፎ ከአልጋው ጫፍ ይቀመጥለታል። እናቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲሁ። ትናንት ጠዋት ሦስት ፎጣ አጥፌ አስቀመጥሁ። አንዱን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መለስሁት። የተናገርሁትን ቃል በቤቴ ውስጥ ካላከበርሁት የት ላከብረው ነው?

አንደርስ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ደረጃው ሥር ሆኜ ሰማሁት፤ እርምጃው ቆመ። ቆይቶ ወረደ። ፎጣው በእጁ ነው።

«አባዬ፣ ለእኔ ነው ይሄ?»

«ለእናንተ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በወጥ ቤቱ በር ወደ ሐይቁ ወረደ። ብሪታ ተከትላው ሮጠች፤ ውኃው ሲቀበላቸው ጩኸታቸው እስከ ጋስ ቤት ተሰማ።

ዛሬ ጠዋት ፎጣውን ከበረንዳው ወንበር ጀርባ ላይ አገኘሁት፤ እርጥብ፣ የተጠቀለለ፣ አሸዋ የሞላው። በልጅነቱ ስለዚህ ነገር ያልተቆጣሁበት የበጋ ቀን የለም፤ እንግዳ እንዲህ አያደርግም። አራግፌ ገመድ ላይ ሰቀልሁት፤ አልተቆጣሁም።